«ሁሉ ነገር አለኝ፣ ግን ምን እንደሚሰማኝ አላውቅም»

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ድርጅት የፋይናንስ ኃላፊ ሆኜ እሠራለሁ። ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባሁት የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ሁለት ታናናሾቼን አስተምሬያለሁ፣ የእናቴን ቤት አሳድሻለሁ። ከሦስት ወር በፊት ለዓመታት ስጠብቀው የነበረውን የሥራ ዕድገት አገኘሁ። ደብዳቤው የተሰጠኝ ቀን ምንም አልተሰማኝም። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ስልኬን ይዤ ቁጭ አልኩ፤ ማን ጋር እንደምደውል አላወቅኩም። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እየነቃሁ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ጨጓራዬ ያቃጥለኛል። የኤች ፓይሎሪ (የጨጓራ ባክቴሪያ) መድኃኒት ሁለቴ ወስጃለሁ፤ ኢንዶስኮፒም ታይቼ «ምንም የለብሽም» ተብያለሁ። ባለቤቴ «ምን ሆነሽ ነው?» ሲለኝ «ደክሞኝ ነው» እለዋለሁ። ጓደኛዬ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ቴራፒ ሂጂ ትለኛለች። እኔ ግን ችግሬን አውቀዋለሁ። ብዙ አንብቤያለሁ፤ በልጅነቴ የተሸከምኩት ኃላፊነት ነው። የማውቀውን ነገር ሌላ ሰው ቢነግረኝ ምን ይጨምርልኛል? ደግሞስ ስንቱ ሰው በኑሮ እየተሰቃየ እኔ ምን ጎድሎብኝ ነው የምሄደው?

ምላሽ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በደንብ የተጻፈ ነው። ምክንያቱ፣ ውጤቱ፣ የተሞከረው መፍትሔ፣ ሁሉም በየቦታው ተቀምጧል። አንዷን ነገር ግን ቶሎ ብለሽ አለፍሻት። መኪና ውስጥ ስልክሽን ይዘሽ የተቀመጥሽባትን ደቂቃ። ስለ ጨጓራሽ ከዚያ የበለጠ ጽፈሻል። የእኔ ልብ ግን የቀረው እዚያ መኪና ውስጥ ነው።

የማውቀውን ቢነግሩኝ ምን ይጨምርልኛል ብለሻል። ምንም አይጨምርልሽም። ቴራፒ የምታውቂውን ነገር መልሰው የሚነግሩሽ ቦታ ቢሆን ኖሮ እኔ ራሴ አትሂጂ እልሽ ነበር። ስለ ስሜትሽ ማወቅና ስሜትሽን ማወቅ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንቺ በመጀመሪያው ጎበዝ ነሽ። «በልጅነቴ የተሸከምኩት ኃላፊነት ነው» ትያለሽ፤ ልክም ሊሆን ይችላል። ይህ ግን ማብራሪያ ነው። ደብዳቤው እጅሽ የገባ ጊዜ ምን ተሰማሽ ተብለሽ ስትጠየቂ «ምንም» ነው መልስሽ። ሥራው የሚጀመረው ከዚያ «ምንም» ነው።

ነገሩ እኔ በምሠራበት የቴራፒ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚመስል ላሳይሽ። የማንም ሴት ገመና እንዳይወጣ የብዙዎችን ታሪክ አደባልቄ እንደ አንድ ሰው እነግርሻለሁ። የመጣችው ማስታወሻ ደብተር ይዛ ነው። ነጥቦቿን በተራ ቁጥር ጽፋለች። እናቷ ታመዋል፤ ሆስፒታል የምታመላልሳቸው እሷ ናት፤ በሥራዋም ከባድ ቦታ ላይ ነች። ይህን ሁሉ ስታወራ ድምፅዋ አይሰበርም፣ ትንፋሽ አትወስድም። ስብሰባ ላይ ሪፖርት እንደምታቀርብ ሰው ነው።

«ይህን ስትነግሪኝ እጅሽ ምን እየሠራ ነው?» አልኳት።

ዝቅ ብላ አየችው። የቦርሳዋን ማንጠልጠያ ጣቷ ላይ ጠምጥማዋለች። የጣቷ ጫፍ ነጭ ሆኗል። ሳቅ ብላ «ልማድ ነው» አለችና ልትፈታው ስትል «እስኪ ትንሽ ተዪው» አልኳት። ዝም አልን። ረጅም ዝምታ ነበር። ከዚያ «ጉሮሮዬን አንድ ነገር ያዘኝ» አለች። ያ ነገር ቃል ቢኖረው ምን ይላል? «ንዴት ነው… አይ፣ ንዴት አይደለም።» ደግሞ ዝም አለች። «ቅር ብሎኛል» አለች በመጨረሻ። ወንድሞቿ ውጭ አገር ናቸው። በየሳምንቱ ይደውላሉ። «እማዬን አደራ» ይሏታል፣ ይዘጋሉ። አንድም ቀን «አንቺስ እንዴት ነሽ?» አላሏትም።

ቅር ብሎኛል። ሁለት ቃል ናት። ለመውጣት አርባ ደቂቃ ፈጀች። ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ግን ከተጻፉት ነጥቦች ውስጥ አልነበረችም። ቃሏ ከወጣች በኋላ ግን የሚደረግ ነገር ተገኘ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለታላቅ ወንድሟ ደውላ የሕክምናውን ወጪ እንዲካፈሉ ጠየቀችው። መጀመሪያ ተቆጣ። ሁለት ሳምንትም አኩርፎ ቆየ። እሷ ግን ያን ሰሞን እንቅልፍ ተኛሁ አለችኝ።

ስሜትን የማወቅ ጥቅሙ ይህ ነው። ስሜት መልእክት ይዞ ነው የሚመጣው። ቅሬታ «ያልተከበረልሽ ነገር አለ» ይላል። ፍርሃት «የሚያሰጋሽ ነገር አለ» ይላል። ሐዘን «ያጣሽው ነገር አለ» ይላል። ሁሉንም «ደክሞኝ ነው» በሚል አንድ ቃል ከጠቀለልሻቸው የትኛው መልእክት እንደመጣ አታውቂም። ለድካም መድኃኒቱ እረፍት ነው። ቅሬታ ግን እረፍት ብትወስጂ አይለቅሽም። ለዚህ ነው ብዙ ሴቶች የዓመት ፈቃዳቸውን ወስደው፣ ላንጋኖ ወይም ቢሾፍቱ ከርመው፣ እንደሄዱ የሚመለሱት።

ይህ ልማድ ከየት መጣ? አብዛኞቻችን ያደግንበትን ቤት አስቢ። ልጅ ከትምህርት ቤት ካርድ ይዛ ስትመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንተኛ ወጣሽ?» ነው። አንደኛ ካለች ትሳማለች። ያን ቀን ክፍል ውስጥ ተሰድባ ይሁን፣ ጓደኛዋ አኩርፋት ይሁን የሚጠይቃት የለም። ወላጆቻችንን መውቀሴ አይደለም። እነሱም የሚጠይቃቸው ሰው አልነበረም፤ የሚያውቁት ፍቅር ማስተማር ነበር። ልጅቷ ግን አንድ ነገር ትማራለች። ውጤት ይዘሽ ስትመጪ ትታያለሽ፤ ስሜት ይዘሽ ስትመጪ ግን ቤቱን ታስጨንቂያለሽ። የቤቱ ትልቋ ልጅ ከሆነች ደግሞ እናቷ እንዳታዝን ዕንባዋን መዋጥ በዘጠኝ ዓመቷ ታውቃለች። በኋላ «ቻይ ናት»፣ «ጠንካራ ሴት»፣ «እንደ ወንድ ናት» ትባላለች። መወደሷ ነው። ውዳሴው ግን መታመም አይፈቅድላትም።

ደግሞም ይህ ችሎታ ጠቅሞሻል። ፈተና ሲደርስ ፍርሃትሽን ወደ ጎን አድርገሽ አጥንተሻል። አለቃ ሲጮኽብሽ ዋጥ አድርገሽ ሥራውን ጨርሰሻል። ያን ባታደርጊ ዛሬ ያለሽበት አትደርሺም ነበር። ስለዚህ ቴራፒ ሄደሽ ጥንካሬሽን የሚነጥቁሽ አይምሰልሽ። ብዙ ሴቶች ይህን ይፈራሉ። «አንዴ ማልቀስ ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም» ይሉኛል። እስከ ዛሬ ማቆም ያቃታት አላየሁም። ያለቅሳሉ፤ ውኃ ይጠጣሉ፤ ፊታቸውን ጠርገው ወደ ሥራ ይመለሳሉ።

ስሜትን ማፈን ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ አንድ የታወቀ ጥናት ልንገርሽ። ጄምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1997 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። ተሳታፊዎቹ 180 ሴቶች ነበሩ። የሚያሳዝን፣ የሚያስቅና ስሜት የማይነካ ፊልም አሳዩአቸው። ግማሾቹን ስሜታችሁ ፊታችሁ ላይ እንዳይታወቅ አድርጉ አሏቸው። ሴቶቹ ተሳካላቸው፤ ፊታቸው ላይ ብዙም አልታየም። ስሜት በሚነካው ፊልም ላይ ግን ልባቸውና የደም ሥራቸው ካላፈኑት የበለጠ ተወጥሮ ተገኘ። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሌላው ውጤት ነው። ስሜታቸውን ያፈኑት ሴቶች የሚያስቀው ፊልም ያስደሰታቸው ከሌሎቹ ያነሰ ነው። የሚዘጋው በር ለሐዘን ብቻ አይደለም ማለት ነው። ደስታም በዚያው በር ነው የሚገባው። አንቺ የዕድገት ደብዳቤሽን ይዘሽ ምንም አልተሰማኝም ያልሽው አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ደግሞ ስም መስጠትን የሚመለከት ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሰዎችን አንጎል በማሽን እያዩ የተቆጣ ወይም የፈራ ፊት አሳዩአቸው። ተሳታፊዎቹ ለሚያዩት ስሜት ቃል ሲሰጡት፣ «ይህ ቁጣ ነው፣ ይህ ፍርሃት ነው» ሲሉ፣ አደጋ ሲመጣ የሚነቃው አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል ረገብ አለ። ትክክለኛውን ቃል ማግኘት ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። ሰውነትም ይሰማዋል።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ትልቅ ሀብት አለው። አማርኛ ስሜትን በስም ብቻ አይጠራም፤ የት እንደተቀመጠም ይናገራል። ሆዴ ባባ፣ ሆድ ባሰኝ፣ አንጀቴ ተቃጠለ፣ አንጀቴ ራሰ፣ ልቤ ተሰበረ፣ ደሜ ፈላ። ሆድ ባሰኝ እና ከፋኝ አንድ አይደሉም። ቆጨኝ እና አበሸቀኝም አንድ አይደሉም። ደግሞ አነጋገራችንን እይው። ከፋኝ፣ ጨነቀኝ፣ ናፈቀኝ፣ ቆጨኝ፣ ደስ አለኝ። ስሜቱ ነው የሚያደርገው፤ እኔ ተቀባይ ነኝ። እንደ እንግዳ ይመጣብኛል። እንግዳ ደግሞ ማን እንደሆነ ይጠየቃል እንጂ በሩ ላይ አይተውም። ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ «ስትረስድ ነኝ» የምትለኝን ሴት ብዙ ጊዜ እስኪ እናትሽ በምትለው አማርኛ ንገሪኝ እላታለሁ። ያኔ ድምፅዋ ይለወጣል።

«ሆድ ይፍጀው» የሚልም አለን። ስለ ጨጓራሽ ስትጽፊ ይህ አባባል ትዝ አለኝ። የጨጓራ ሕመም ሁሉ ከጭንቀት ነው እያልኩሽ አይደለም። ሕክምናሽን ቀጥይ፤ እንዲያውም የደም ማነስና የእንቅርት እጢ ምርመራ ካላደረግሽ አድርጊ። የሁለቱም ችግር ድካምና ስሜት ማጣት ሊያመጣ ይችላል፤ በሴቶች ላይም ይበዛል። ግን በአገራችን ብዙ ሰው ጭንቀቱን ይዞ የሚሄደው ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ነው። ራሴን ያመኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ልቤን ያፍነኛል ይላል። ምርመራው ንጹሕ ሲሆን «ምንም የለብሽም» ይባላል። ሰውነት የሚናገረውን የሚሰማ ሌላ ባለሙያም ያስፈልጋል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ፒተር ሲፍኒዮስ የተባለ ሐኪም ለስሜታቸው ቃል ለሚያጡ ሰዎች ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ስም አውጥቶለት ነበር፤ አሌክሲታይሚያ ይባላል። ሲፍኒዮስ ይህን ያስተዋለው በአካላቸው በሚታመሙ ሰዎች ላይ ነበር። አንቺ አለብሽ ማለቴ አይደለም፤ በደብዳቤ ያንን መናገር አይቻልም።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ልቤን ነክቶኛል። ስንቱ እየተሰቃየ እኔ ምን ጎድሎብኝ ነው ብለሻል። እህቴ፣ ችግርን እንኳ በደረጃ አሰልፈሽ የራስሽን መጨረሻ አደረግሽው። ስንተኛ ወጣሽ የሚለው ጥያቄ እዚህም ተከተለሽ። የተቸገረ ሰው ስላለ ያንቺ እንቅልፍ አይመለስም፤ አንቺ ስለታመምሽም የእሱ ችግር አይቀልም። ለሰው የምታዝኚውን ያህል ለራስሽ ብታዝኚ ማንም አይጎዳም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በቅርቡ ለቅሶ ሄደሽ ነበር? ብዙ ስኬታማ ሴቶች እምብዛም የማያውቁት ሰው ለቅሶ ላይ ሄደው ቤተ ዘመድ እስኪገርመው ድረስ እንደሚያለቅሱ ነግረውኛል። ለቅሶ ቤት ማልቀስ ይፈቀዳል፤ ማንም ለምን አይልም። እናም የዓመት ዕንባቸውን በሰው ለቅሶ ያወጡታል። ባህላችን ለሐዘን ቦታ መስጠቱ ትልቅ ነገር ነው። ላልሞተ ሰው ሐዘን ግን ድንኳን አይተከልም። ላለፈ ልጅነት፣ ላልተባለ «አንቺስ?» ማን ለቅሶ ይደርሳል? ቴራፒ በእኔ አስተያየት ለዚህ ዓይነቱ ሐዘን የተከለለ ቦታ ነው።

ቡና የምትጠጪበት ጓደኛ፣ የንስሐ አባት፣ እናት፣ ሁሉም የየራሳቸው ቦታ አላቸው፤ አንዳቸውንም አልተካም። ግን ከእነሱ ጋር ስትሆኚ አንቺም ኃላፊነት አለብሽ። እናትሽ እንዳይጨነቁ የምትናገሪውን ትመርጪያለሽ። ጓደኛሽም ተራዋን ትጠብቃለች። ቴራፒስቷ ፊት ግን የምትንከባከቢው ሰው የለም። ለአንቺ ዓይነት ሴት ይህ መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። «አንቺስ ደህና ነሽ? አደከምኩሽ አይደል?» እያለች የምትጠይቀኝ አትጠፋም።

ከፊት ለፊትሽ የሚጠብቅሽን መሰናክልም ልንገርሽ። ጎበዝ ሴቶች ቴራፒንም እንደ ፈተና ይይዙታል። አንደኛ ሊወጡበት ይፈልጋሉ። የቤት ሥራቸውን ሠርተው፣ መጽሐፍ አንብበው፣ ጥሩ ጥሩውን መርጠው ይመጣሉ። ከዚያ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ስሜቱ ብቅ ሲል ከበፊቱ የባሰ ይመስላቸዋል፤ «ሥራ በዛብኝ» ብለው ይቀራሉ። የደነዘዘ እግር ደም ሲመለስበት ይወጋል። ያኔ መቅረት ሲያምርሽ ሄደሽ «መቅረት አምሮኝ ነበር» በያት። ከሁሉ የሚጠቅመው ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ያ ነው። ቴራፒስቷ ያለችው ነገር ቅር ካሰኘሽም እዚያው ንገሪያት። አንዲትን ሰው ፊት ለፊት «ይህ አላስደሰተኝም» ብሎ ግንኙነቱ ሳይበላሽ መውጣት ብዙ ሴቶች በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩት ነገር ነው።

ስለ ዕድገትሽ ደግሞ አንድ ቃል። ፖሊን ክላንስና ሱዛን አይምስ የተባሉ ሁለት ሴት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በ1978 እ.ኤ.አ. ከ150 በላይ ስኬታማ ሴቶችን አይተው ጽፈዋል። ማዕረጉ፣ ዲግሪው፣ ምስጋናው እያለ ሴቶቹ ውስጣቸው «አይገባኝም፤ አንድ ቀን ይነቃብኛል» ይላቸው ነበር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትነቂ የሚመጣልሽ ሐሳብ ይህን ይመስል እንደሆነ አስተውዪ። ከሆነ «ምንም» ካልሽው ሥር ፍርሃት ተቀምጧል ማለት ነው።

ወደ ተግባሩ ልምጣ። የሥነ ልቦና ባለሙያና ሳይካትሪስት ይለያያሉ። ሳይካትሪስት የሕክምና ዶክተር ነው፤ መድኃኒት ያዛል። የሥነ ልቦና ባለሙያ በንግግር ነው የሚሠራው። ስትመርጪ የተማረውን ጠይቂ፤ በክሊኒካል ወይም በካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ቢያንስ ማስተርስ ቢኖረው ጥሩ ነው። ምስጢርሽን እንዴት እንደሚጠብቅም ጠይቂ፤ ከተማው ትንሽ ነው፤ ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባ የሚያውቀው ሰው ካልተመቸሽ ሌላ ፈልጊ። ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ነው። ሐሳብና ድርጊት ላይ የሚያተኩረው ዓይነት በአብዛኛው ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳል። ስሜት ላይ የሚያተኩረው ወይም ወደ ልጅነት የሚመለሰው ሊረዝም ይችላል። ላንቺ ሰውነትሽንና ስሜትሽን እዚያው ክፍል ውስጥ የሚጠይቅሽ ሰው የሚሻል ይመስለኛል። ማብራሪያ ብቻ የሚሰጥሽ ከሆነ አብራችሁ በደንብ ታብራራላችሁ፤ ብዙም ፈቀቅ አትሉም።

«አማኑኤል ገባች» የሚለውን ወሬ አትፍሪ። አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱን ከባድ ሕሙማን የተሸከመ ቦታ ነው፤ መከበር ይገባዋል። ቴራፒ ለመሄድ ግን ማበድ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ እልሻለሁ። ደስታ ማጣቱ ወይም ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከቆየ፣ ምግብ ከዘጋሽ፣ ሥራ መሥራት ካቃተሽ፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። እንቅልፍሽ ከተዛባ ሦስት ወር ስለሆነሽ ይህን አሁን ማሳየቱ ይሻላል። «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂጂ፤ ለባለቤትሽም ንገሪው።

ቀጠሮሽ እስኪደርስ አንዲት ነገር ሞክሪ። ለአንድ ሳምንት «ደክሞኝ ነው» የሚለውን ቃል ተዪው። ባለቤትሽ ምን ሆነሽ ነው ሲልሽ ሌላ ቃል ፈልጊ። ካላገኘሽ የት እንደሚሰማሽ ንገሪው። «ደረቴ ላይ ከብዶኛል፤ ምን እንደሆነ አላወቅኩም» በይው። መፍትሔ እንዳይፈልግልሽም አስቀድመሽ ንገሪው፤ ባሎች ቶሎ መፍትሔ ይፈልጋሉ። አጠገብሽ ቢቀመጥ ይበቃል።

የመጀመሪያው ቀን ምን ብዬ እጀምራለሁ ብለሽ ዝርዝር እንዳታዘጋጂ። ከመኪናው ጀምሪ። ደብዳቤውን ተቀበልኩ፣ መኪና ውስጥ ገባሁ፣ ስልኬን ይዤ ቁጭ አልኩ በያት። ማን ጋር ልትደውይ ፈልገሽ እንደነበር ትጠይቅሽ ይሆናል። አላውቅም ማለት ይቻላል። ከዚያ ቶሎ ብለሽ ወደ ጨጓራሽ አትለፊ። እዚያው ትንሽ ቆዪ።